ጧሪዬ ብለሽ ስላጻፍሽው ኑዛዜ

ለአንጓች፤

ከተለያየን ዛሬ ሦስት ወር ከአራት ቀን ሆነ። እንደምን ከረምሽ እንዳልልሽ የምትመልሺልኝ ነገር የለም፤ ጤና ይስጥልኝ እንዳልልሽም ጤና ከሚያስፈልገው አገር ወጥተሻል። ረጅም ሰላምታ እንደማልወድ ስለምታውቂ እዚሁ ላይ አቁሜ ወደ ነገሬ እገባለሁ።

አንቺ ፊደል አልቆጠርሽም። እኔም የቆጠርሁት ጢሜ ከወጣ በኋላ፣ አስተማሪ ሳይኖረኝ፣ ከአንድ የተገነጣጠለ ዳዊት ላይ ነው። ብዕሩን አጥብቄ ስለምይዝ ወረቀቱ ይበሳል። «አያ ፈንታ፣ ፊደሉን ትጽፈዋለህ ወይስ ታርሰዋለህ?» እያልሽ ትስቂብኝ ነበር። አሁንም እያረስሁት ነው። ይህ ደብዳቤ አንቺ ዘንድ እንደማይደርስ አውቃለሁ፤ ሞኝ አይደለሁም። ነገር ግን ሽማግሌዎቹ ፊት የተናገርሁትን ቃል ከሌላ ሰው ሳይሆን ከራሴ እንድትሰሚው እፈልጋለሁ። ሌላ የሚያነበው ካለም ያንብበው፤ የምደብቀው የለኝም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ቤቱ እንደቆመ ነው። በምሥራቅ በኩል ያለው ክዳን ሳስቷል፤ ሰንበሌጥ አጭጄ ከምሬያለሁ፣ ክረምቱ ሳይገባ እከድነዋለሁ። ቦራ ወለደች፤ ወንድ ጥጃ ነው። ዶሮዎቹን ከቡሬ ካምፕ የወጡ ወታደሮች ለቅመው ወሰዷቸው፤ አንዷ ቄብ ብቻ ጌሾው ውስጥ ተሸሽጋ ቀረች። ቀሚሶችሽን ደጀ ሰላም ለሚቀመጡት ነዳያን ሰጠሁ። ጋቢሽን አልሰጠሁም። ለምን እንዳልሰጠሁ አላውቅም። ተሰቅሎ አየዋለሁ፣ ምንም አይሰማኝም፣ አልፌው እወጣለሁ።

እንዲህ ነኝ። ለሞተ ሰው እንደሚለቀስ አውቃለሁ፤ ለእናቴ አልቅሻለሁ። ላንቺ ግን አልመጣልኝም። ሰዎቹ ዓይን ዓይኔን እያዩ ጠበቁ፣ ጠበቁና ተዉኝ። ጠዋት እነሣለሁ፣ በሬዎቹን አወጣለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ያገኘሁትን እበላለሁ። ባለፈው ሳምንት ሰንበሌጥ ሳጭድ ማጭዱ ጣቴን ቆረጠኝ፤ የታወቀኝ እጀታው ሲያሟልጨኝ ነው። ደም መሆኑን አይቼ ጠረግሁትና ማጨዴን ቀጠልሁ።

ወደዚህ ቤት የመጣሁት የእኩል አራሽ ሆኜ ነው። የመጀመሪያው ባልሽ በሞተ በዓመቱ ከማንኩሳ አንድ ጥማድ በሬ ነድቼ መጣሁ። አንቺ ርስት ነበረሽ፣ በሬ አልነበረሽም። «እሜቴ፣ መሬቱ የእርስዎ፣ በሬውና ጉልበቱ የኔ፤ ምርቱን እኩል» አልሁሽ። በሁለተኛው ዓመት እርስዎ ማለቴ ቀረ። በሦስተኛው ዓመት እህሉን ሁለት ቦታ መክተት ቀረ። ሰርግ አልተደገሰም፣ ዳኛም አልተጠራም። ማሳው ዳር የቀለስኋትን ጎጆ አፍርሼ እንጨቷን ላንቺ በረት አዋልሁት። ከዚያ በኋላ ዐሥራ ስምንት ዓመት በአንድ ጣራ ሥር ኖርን።

አንቺ ግን በየዓመቱ፣ አዝመራው በገባ ቁጥር፣ በሰማንያ እንጋባ ትዪኝ ነበር። የጠየቅሽኝ ትንሽ ነገር ነበር፤ ዳኛ ፊት ቆመን፣ በየበኩላችን ዋስ ጠርተን፣ ንጉሥ ይሙት ብለን ምለን፣ አብረን ያፈራነው ሁሉ የሁለታችን መሆኑ እንዲጻፍልን፤ ከሁለት አንዳችን ስንሞት የቀረው ሰው ከቤት እንዳይወጣ። እኔም በየዓመቱ የምመልስልሽ አንድ ነው፤ «ለቃሌ ዋስ አልጠራም።» ፈንታ አለሁ ካለ አለ፤ እንዲህ ነበር የማስበው። ዋስ የሚጠራው ይሸሻል ተብሎ የሚጠረጠር ሰው ነው ብዬ አምን ነበር። አንድ ጊዜ፣ «ዋሱ ለቃልህ አይደለም፣ ለሞትህ ነው» አልሽኝ። እንዳልሰማ ሆኜ ሞፈሬን መጥረብ ቀጠልሁ።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። ወንድምሽ በጥይት ሞተ። ልጁ ይስማው በቀብሩ ላይ አፈር ሲመልስ አንቺ ከጎኑ ቆመሽ እኔን ነበር የምታዪው። በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ቡሬ እንወርዳለን አልሽኝ። ያን ጊዜ ጥያቄ አልነበረም፣ ትእዛዝ ነበር። እኔም ሞት እንዲህ በቀን በቀን ሲመጣ አይቼ ስለ ነበር እሺ አልሁ። ዋስ ጠራሁ። ጎረቤታችን ደሴ ዋሴ ሆነ። ላንቺ የእናትሽ ዘመድ የሆኑት ሽማግሌ ቆሙልሽ።

ነጠላሽን አጥበሽ፣ ጸጉርሽን ተሠርተሽ ነበር። በዚያ ዕድሜሽ አፍሬብሽ «ሙሽራ መሰልሽ» ብልሽ «ነኝና» አልሽኝ። ዳኛው የሚያስችለው ከካምፑ አጥር አጠገብ ካለው ዋርካ ሥር ነበር። ያገራችን ሰው ነው፤ ስሙን አልጽፍም። ዋሶቹን ጠየቀ፣ ስማችንን አጻፈ፣ ከዚያ መሐላው ላይ ደረስን።

«የኢጣልያ ንጉሥ ይሙት በሉ» አለ።

አንቺ አልሽ። ፈጥነሽ፣ ትኩስ ነገር እንደሚውጥ ሰው፣ አልሽው። ከዚያ ሁሉም ወደኔ ዞረ።

«ይህን ንጉሥ አላውቀውም» አልሁ።

«ማወቅህን ማን ጠየቀህ ሰውየው፤ ማል ነው የተባልኸው።»

«በማላውቀው አልምልም።»

ደሴ ከኋላዬ ጎኔን ጎሸም አድርጎ በጆሮዬ፣ «ኧረ ይሙት በለው! እንዲህ ያለውን ነገር በአደባባይ፣ ያውም በዳኛ ትእዛዝ፣ መቼ ደግመህ ታገኘዋለህ?» አለኝ። አንቺ ሰምተሽ አፍሽን በነጠላሽ ሸፈንሽ፤ ትከሻሽ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። አሁን ሳስበው ያስቃል። ያን ጊዜ ግን አላሳቀኝም። ሰው በንጉሥ ሲምል ይህ ንጉሤ ነው ማለቱ ነው፤ መሐላ መሐላ ነው። «አልምልም» አልሁ ደግሜ። ዳኛው ወደ ካምፑ በር ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እንግዲያው እነሱ ሳይሰሙህ ሂድልኝ፤ እኔም አላየሁህም» አለና ስማችን ያለበትን ወረቀት ቀደደው።

ወንዙን እስክንሻገር አልተናገርሽም። ከተሻገርን በኋላ እግርሽን በነጠላሽ ጫፍ እያደረቅሽ፣ «እኔ ምያለሁ፤ አንተ አልማልህም። ስለዚህ እኔ ባል አለኝ፣ አንተ ሚስት የለህም» አልሽ። ደሴ ሳቀ። አንቺ አልሳቅሽም። ዱላዬን አንሥቼ ቀደም ቀደም አልሁ።

በዓመቱ፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ እግርሽ አበጠ። ከዚያ ሆድሽ። በቃሬዛ አድርገን ግሽ ዓባይ ወሰድንሽ፤ ሰባት ቀን ተጠመቅሽ። ሲመለሱ ሰዎቹ በየተራ ይሸከሙሽ ነበር፤ እኔ ተራዬን ለማንም አልለቅም ስል፣ «ተዉት፣ ግትር ነው፣ ይሸከም» አልሻቸው። ቤት ከገባን በኋላ ከመኝታሽ አልተነሣሽም። ጓዳ ገባሁ። በዕድሜዬ ጓዳ ገብቼ አላውቅም ነበር። የመጀመሪያውን አጥሚት ሠርቼ ሳቀርብልሽ የደሴ ሚስት ልትጠይቅሽ መጥታ ነበር፤ ጎንበስ ብላ ወደ ዕቃው አየችና፣ «አያ ፈንታ፣ ይኼ አጥሚት ነው ወይስ ግድግዳ ሊለስኑበት ነው?» አለች። አንቺ ግን ጠጣሽው። እግርሽን አጠብሁ፣ አገላበጥሁሽ፣ የሚጣለውን ጣልሁ። ይህን የምጽፈው ውለታ ለመቁጠር አይደለም። ኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

የነፍስ አባትሽ መምሬ አላምረው ኑዛዜሽን ሊቀበሉ የመጡበትን ቀን ታስታውሻለሽ። ሦስት እማኞች ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ ብለው ነበር። ርስትሽ የወንድምሽ ልጅ የይስማው እንዲሆን ተናገርሽ፤ ደምሽ ነው፣ ልክ ነው። ከዚያ፣ «ባሌ ፈንታ ግን እስኪሞት ድረስ ከቤቴና ከማሳዬ አይነሣ» አልሽ። መምሬ ብዕራቸውን አቆሙ።

«ልጄ፣ ባሌ ካልን ነገ ሰማንያው የት አለ ይላሉ። ሲታጣ ኑዛዜው እንዳለ ይፈርሳል። ጧሪዬ በዪ። ጧሪን ማንም አይነቅለውም፤ እንደጦረሽ አገሩ በሙሉ እማኝ ነው።»

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። «ጧሪ የሚባለው ደጅ ጠንቶ፣ ለጉርሱ ብሎ የሚያገለግል ሰው ነው» አልሁ። «በዚህ ስም ከምትጽፉኝ ስሜን ጨርሶ አታንሡት።» መምሬ፣ «ፈንታ፣ ለስሙ ነው እንጂ» ሲሉ፣ «ለስሙ የሚባል ነገር አላውቅም» አልሁና ወጣሁ። ሲወጡ ጠየቅኋቸው፤ ያንተ ሳይጻፍ ቀረ አሉኝ። ደስ አለኝ። ደስ አለኝ ብዬ ስጽፈው እጄ ይከብደኛል፣ ግን እውነቱ እሱ ነው።

ጤፉ ሲታጨድ ሞትሽ። ይስማውና ዘመዶችሽ መጡ። ለቅሶው ላይ ከዘመዶችሽ ጋር ስቀመጥ አንድ የአጎትሽ ልጅ ትከሻዬን ነክቶ፣ «አያ ፈንታ፣ ጎረቤቶች በዚያ በኩል ናቸው» አለኝ። በክፋት አልነበረም፤ ሥርዓት ማስያዙ ነው። ተነሥቼ ከጎረቤቶች ጋር ተቀመጥሁ። ከዚያ ቦታ ፊትሽ የነበረበት አቅጣጫ አይታይም። በዐሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ከአንቺ እንደዚያ ርቄ ተቀምጬ አላውቅም።

ተዝካርሽ ከልደት ማግሥት ዋለ። ዘመኑ እንደምታውቂው ነው፤ አንድ በግ ታረደ፣ ጠላውን የደሴ ሚስት ጠመቀች። ሰው በልቶ ሲያበቃ ሽማግሌዎቹ ስለ ቤቱ ሊነጋገሩ ደጀ ሰላም ተቀመጡ። እኔ ዕቃዬን ጠቅልዬ ነበር። ይስማው ቤቱን ይረከባል፣ እኔ ወደ ማንኩሳ እመለሳለሁ፤ በልቤ ያለቀ ነገር ነበር። ያን ጊዜ መምሬ አላምረው ከዳዊታቸው ማኅደር ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አወጡ።

እኔ በሬዎቹን ውኃ ላጠጣ በሄድሁበት አንድ ቀን ድጋሚ አስጠርተሻቸው ነበር ለካ። እነዚያኑ ሦስት እማኞችም። ጠዋት ስወጣ «ዛሬ በሬዎቹን ከታች ወንዝ አጠጣቸው፣ የላይኛው ደፍርሷል» ያልሽኝ ለዚህ ነበር። መምሬ አነበቡት፦ «ርስቴ የወንድሜ ልጅ የይስማው ነው። ነገር ግን ቤቴና ጓሮዬ፣ የላይኛውና የታችኛው ማሳዬም፣ ጧሪዬ ፈንታ በሕይወት እስካለ ድረስ በእጁ ይሁን። በደዌዬ ያገለገለኝ እሱ ነው። ከዚህ ያስወጣው ሰው የተወገዘ ይሁን።»

ይስማው ተነሣ። ይስማው ክፉ ልጅ አይደለም፤ አንቺም ታውቂዋለሽ። ቤቱን ወታደሮቹ አቃጥለውበት አምስት ልጆቹን ይዞ በሰው በረት ውስጥ ነው የከረመው። ቤቱን የፈለገው ቸግሮት ነው።

«የአክስቴን ቃል አላፈርስም» አለ። «ግን አያ ፈንታን አገሩ ያውቃቸዋል። በዕድሜያቸው ባሏ ነኝ እንጂ ጧሪዋ ነኝ ብለው አያውቁም። ይህንኑ ቃል መምሬ ሊጽፉት ሲሉ ውሻ ብትሉኝ ይሻለኛል ብለው ወጥተዋል አሉ። እንግዲህ ባል ከሆኑ ሰማንያቸውን ያምጡ። ጧሪ ከሆኑም በአፋቸው ይናገሩና ልስማ።»

ውሻ አላልሁም ነበር። የባሰ ቃል አልተናገርሁም፤ ወሬ ሲሄድ ይፋፋል። ግን ልጁ አውቆኛል። ይህን ግትር ሰው በገዛ አፉ ነው የማስወጣው ብሎ ነው፤ አሸናፊም ይመስለው ነበር። ሽማግሌዎቹ ወደኔ አዩ። አንደኛው፣ «ፈንታ፣ ጧሪዋ ነህን?» ብለው ጠየቁኝ። አፌን ከፈትሁ፣ ምንም አልወጣም። ተዝካር ላይ ክርክር ደግ አይደለም ብለው ለነገ ከቅዳሴ በኋላ ቀጠሩን።

ከሰዓት በኋላ የላይኛው ማሳ ላይ ሄጄ ተቀመጥሁ። ፀሐይ ነበር። ነገሩ ሁለት መንገድ ብቻ ነበረው። ጧሪዋ ነኝ ብል ቤቱ ውስጥ እቀራለሁ፣ ባልሽ አለመሆኔን ግን በራሴ አፍ እመሰክራለሁ። ባሏ ነኝ ብል ማስረጃ የለኝም፤ ኑዛዜሽ ይወድቃል፤ ለነፍስ አባትሽ የተናገርሽው የመጨረሻ ቃል ውሸት ነው ማለቴም ይሆናል። ስለ ቤቱ ብቻ ቢሆን አላስብም ነበር። ማንኩሳ የወንድሜ ልጆች አሉ፤ ጥግ አይነሡኝም።

ያን ጊዜ ቡሬ ላይ ባለመማሌ ተጸጽቼ እንደሆነ ራሴን መረመርሁ። አልተጸጸትሁም። ዛሬም ቢጠይቁኝ በዚያ ሰው አልምልም። ይህን ላንቺ መዋሸት አልችልም። ነገር ግን ከዚያ በፊት ስንት አዝመራ አስገብተናል? በነዚያ ዓመታት ሁሉ የምንምልበት ንጉሥ የራሳችን ነበር። ዳኛው የራሳችን ነበር። መንገዱ ሰላም ነበር፤ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ከኔ የሚፈለገው አንድ ዋስ ብቻ ነበር፤ ደሴም ከጎናችን ይኖር ነበር። ሰማንያውን ጣሊያን ነው የከለከለን እያልሁ ለሰው ሳወራ ከርሜያለሁ። ጣሊያን የመጣው በመጨረሻ ነው። ከሱ በፊት የከለከልሁሽ እኔ ነኝ።

ይህን ሳስብ የሆነ ነገር ይሰማኛል ብዬ ጠበቅሁ። ምንም። የበሬዎቹን ጭራ እያየሁ ተቀመጥሁ። ግን አንድ ነገር ገባኝ። እኔ እንዳልሁት ሳይሆን አንቺ እንዳልሽው ያደረግሁበት ቀን ቢኖር አንድ ነው፣ የቡሬው መንገድ፤ እሱንም አፍርሼው ተመለስሁ። አሁን የቀረሽ ቃል ይቺ ብቻ ናት። እሷንም ላፈርስብሽ ነው።

በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። እንደ ሥርዓቱ ሦስት ጊዜ ነው የሚጠየቀው።

«ፈንታ፣ የአንጓች ጧሪዋ ነህን?»

«ነኝ።»

«ያገለገልሃት አንተ ነህን?»

«እኔ ነኝ። አጥሚት ሠርቻለሁ፣ እግሯን አጥቤያለሁ፣ ተሸክሜያለሁ።»

«በኑዛዜዋ ቃል ታድራለህን?»

«አድራለሁ።»

ከሰዎቹ መካከል አንድ ሁለቱ ሳቁ። ይስማው ፊቱ ተለዋወጠ፤ እንዲህ ይመጣል ብሎ አላሰበም። «ጉድ ነው!» አለ። «ያክስቴ ባል ነኝ እያሉ በየበዓሉ ጉልበትዎን ሲያስሙኝ ኖረው፤ ታዲያ ከዛሬ ጀምሮ ማን ብዬ ልጥራዎ?»

«ፈንታ ብለህ» አልሁት። «ጉልበቴንም ተወው፤ ያመኛል።»

ይህን ስል ደግሞ ሁሉም ሳቀ፤ እሱም ሳያስበው ሳቀ። ሽማግሌዎቹ ፈረዱ፤ ኑዛዜሽ ጸና። በዚያው ቁጭ ብዬ ሳልነሣ፣ የታችኛውን ማሳ ይስማው እንዲያርስ፣ ከበረቱ ጎን ባለው ባዶ ቦታ ቤት እንዲሠራ ተናገርሁ። ማንም አላዘዘኝም። እስክሞት ሁሉንም ብይዘው አንቺ አትከለክይኝም ነበር፤ አምስት ሕፃን በሰው በረት ውስጥ እያደረ ግን ሁለት ማሳ ለአንድ ሽማግሌ ምን ያደርጋል? ይስማው በሳምንቱ እንጨት ይዞ መጣ። አሁን ግድግዳው ቆሟል። ልጆቹ ጌሾሽን ይረግጡብኛል፤ እጮሃለሁ፣ አይሰሙኝም።

ያን ቀን ከደጀ ሰላሙ ስመለስ ደሴ አብሮኝ መጣ። መንገድ ላይ፣ «ከበደህ?» አለኝ። «አልከበደኝም» አልሁት፤ ያን ጊዜ እውነት ነበር። በሦስተኛው ቀን ውኃ ቀድቼ ስመለስ ደጃፉ ላይ እንስራውን አወረድሁና ማንሣት አቃተኝ። እንስራው ከባድ አልነበረም። እስኪቻለኝ ድረስ ቆሜ ጠበቅሁ። ከዚያ አነሣሁት።

ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን ነው ልነግርሽ የፈለግሁት። ወረቀት ፍለጋ ቡሬ ወረድሁ። አንቺ ኩታ የምትገዢበት ሱቅ ባለቤት ሐጂው አራት ቅጠል ሰጠኝ፤ መሞትሽን ሰምቶ ነበር፣ ዋጋ አልቀበልም አለ። ሦስቱ ይህ ደብዳቤ ናቸው። በአራተኛው የራሴን ኑዛዜ ጻፍሁ። በራሴ እጅ፣ ማንንም ሳላስጽፍ። መምሬ አላምረውና እነዚያን እማኞች ቤት ጠራኋቸው። ሲገቡ ተኝቼ የሚያገኙኝ መስሏቸው ነበር፤ ሞፈር ስጠርብ አገኙኝ።

«ኑዛዜ እኮ ሰው ሊሞት ሲል ነው» አሉ መምሬ።

«ሰው ሊሞት ሲል ሌላው ያጽፈዋል» አልሁ። «እኔ እጄ ሲሠራ ነው የምጽፈው።»

አነበብሁላቸው። ሬሳዬ ወደ ማንኩሳ እንዳይሄድ፣ ከሚስቴ ከአንጓች መቃብር ጎን እንድቀበር፤ በሬዎቼና ቦራ ከነጥጃዋ ተሸጠው ለሚስቴ ለአንጓችና ለኔ በአንድ ቀን ተዝካር እንዲወጣ፤ ቤቱ ለይስማው እንዲመለስ፤ ሚስቴ አንጓች የተከለችውን ጌሾ ማንም እንዳይነቅል። መምሬ ሦስቱንም ጊዜ ሚስቴ የሚለው ላይ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ፈንታ፣ ደጀ ሰላም ላይ ጧሪዋ ነኝ ብለሃል።»

«ብያለሁ። እሱ የሷ ኑዛዜ ነው፤ በሷ ኑዛዜ እሷ እንዳለችው ነኝ። ይህ የኔ ነው።»

«ሰማንያው የት አለ የሚል ቢመጣሳ?»

«ማን ይመጣል? ያለኝን ሁሉ ለይስማውና ለተዝካር ሰጥቻለሁ። የሚከራከርበት ንብረት የለም። የቀረችው ሚስቴ የምትለው ቃል ብቻ ናት።»

መምሬ ወረቀቱን ተቀብለው ስማቸውን ጻፉ፤ እማኞቹም ጣታቸውን አኖሩ። አሁን ያንቺ ኑዛዜ ባለበት ማኅደር ውስጥ ነው ያለው፤ አንዱ ጧሪዬ ይላል፣ ሌላው ሚስቴ ይላል። ሰዎች አንድ ቀን ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያነቡ ምን እንደሚሉ አላውቅም። ይበሉ።

ለደሴም ነግሬዋለሁ፤ ኑዛዜህን ዛሬ አጽፍ፣ ሚስትህንም አስጽፋት፣ በየት በኩል ማን እንደሚቀድም አታውቁም አልሁት። «ሞት ትጠራብኛለህ» ብሎ ተቆጣኝ። ሚስቱ ግን ከጓዳ፣ «አያ ፈንታ፣ እርስዎ ይጻፉለት፤ እኔ ጣቱን ይዤ አስነካዋለሁ» አለች። በሚቀጥለው እሁድ እሄዳለሁ።

እንግዲህ ይኸው ነው። አላለቀስሁልሽም፣ እንደማለቅስልሽም ቃል አልገባም፤ የማላደርገውን አልናገርም። የማደርገውን ልንገርሽ። በየወሩ ባረፍሽበት ዕለት በክርስትና ስምሽ አስጠራሻለሁ። ሙት ዓመትሽን በእጄ አወጣለሁ፣ ቢቸግረኝ በንፍሮና በጠላ። መቃብርሽ ላይ ያለው ድንጋይ በክረምት እንዳይሰምጥ ሥሩን እሞላለሁ። ሰው ሚስትህ ማን ነበረች ቢለኝ ስምሽን እነግረዋለሁ፣ ዐሥራ ስምንት ዓመት አብረን እንደኖርንም እነግረዋለሁ፣ ያላጋባን ማን እንደሆነ ቢጠይቀኝም እውነቱን እነግረዋለሁ። እስትንፋሴ እስካለ አልረሳሽም።

ባልሽ ፈንታ።